እርሳስና እርሳስ

መቼም ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ የእኛን ሰዓት አያውቅም። ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲያንቃጭል "ማን ሞተ?" እያልኩ ነው ያነሳሁት። የሞተ ሰው የለም። ዳላስ የሚኖረው የጥንት ጓደኛዬ ነው። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለን እሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን አንድ ተደራራቢ አልጋ የተጋራን።

"ተኝተሃል እንዴ?"

"ኧረ አልተኛሁም!" አልኩት እንደ ወጉ።

"እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳትስቅ መልስልኝ። ለልጄ ሽጉጥ ልግዛለት?"

አልሳቅሁም። ልጁን ክርስትና ሲነሳ ጀምሮ በፎቶ አውቀዋለሁ። አሁን ኦስቲን ከተማ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኗል፤ 21 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ነው የቀረው። ቴክሳስ ውስጥ 21 ዓመት ለሞላው ተማሪ የሚፈቀደው ቢራ መግዛት ብቻ አይደለም። ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሽጉጡን በልብስ ሥር ታጥቆ፣ ክፍል ገብቶ መማርም ይቻላል ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ከላይብረሪ ወደ ኪራይ ቤቱ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። "አባዬ፣ አንተ ሥራ ቦታ ትይዝ የለም እንዴ? እኔስ?" አለው።

አባት ምን ይበል? ነዳጅ ማደያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በሁለተኛው ጊዜ የዘረፈው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ከሽጉጡ ይልቅ መንቀጥቀጡን ነው የፈራሁት" ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር ሽጉጥ ያስቀምጣል። "ለራሴ የፈቀድኩትን ለልጄ በምን አፌ ልከልክለው?" አለኝ።

በዚያ ሌሊት የረባ መልስ አልሰጠሁትም። "እስቲ ላስብበት" ብዬ ዘጋሁት። እናላችሁ፣ ሳስብበት የከረምኩትን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። (የእኛ ነው ካላልኩ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ሕጉን እንወቀው። እዚህ አገር "ቴክሳስ እኮ ተማሪው ክላሽ አንግቶ ነው የሚማረው" የሚል ወሬ እሰማለሁ። እንደዚያ አይደለም። ቴክሳስ ለባለፈቃዶች ሽጉጥ ደብቆ መያዝን የፈቀደችው በ1995፣ ጆርጅ ቡሽ ትንሹ አገረ ገዥ በነበሩ ጊዜ ነው። ያኔ ባለፈቃድ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መንገዱ ላይና መኪና ማቆሚያው ላይ ይዞ ቢገኝ አይጠየቅም፤ ሕንፃ ውስጥ ግን አይገባም። በ2015 አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በፈረሙት ሕግ የሕንፃው በር ተከፈተ። ሕጉ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከኦገስት 1 ቀን 2016 ጀምሮ፣ በሁለት ዓመት ኮሌጆች ደግሞ ከዓመት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። የግል ዩኒቨርሲቲዎች "እኛ አንፈልግም" የማለት መብት ተሰጣቸው፤ አብዛኞቹም አንፈልግም አሉ።

ሕጉ ሲወጣ ፈቃዱን የሚያገኘው 21 ዓመት የሞላው ሰው ነበር፤ ወታደር ከሆነ በ18ም ያገኝ ነበር። ወንጀሉ ይጣራል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ትምህርት ይወስዳል፣ ዒላማ ተኩሶ ያልፋል። በ2021 ቴክሳስ በመንገድ ላይ ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልግም ብላ ሕጓን ብታላላም፣ ካምፓስ ውስጥ ግን ፈቃዱ ግዴታ እንደሆነ ቀርቷል። እና ዋናው ነገር፣ ሽጉጡ መታየት የለበትም። ማን እንደያዘ፣ ማን እንዳልያዘ አይታወቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቴክሳስ ብቻዋን አይደለችም። ዩታ በ2004 ቀድማታለች። ካንሳስና ጆርጂያ በ2017 ተከትለዋል። ቢሆንም የእኛ ሰው በዳላስና በሂዩስተን በብዛት ስለሚኖር፣ ልጆቹም እነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚገቡ፣ ለብዙ የሐበሻ ቤት ወሬው የቴክሳስ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። እኛ የደጋፊዎቹን ሐሳብ "እብዶች!" ብለን ማለፍ ይቀናናል። እኔም ያው ነበርኩ። ግን ሰው የሚለውን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነውና ልስማቸው አልኩ።

በ1991 ኦክቶበር ወር፣ ኪሊን በምትባል የቴክሳስ ከተማ አንድ ሰው መኪናውን የምግብ ቤት መስታወት ጥሶ አስገባና ምሳ የሚበሉ 23 ሰዎችን ገደለ። ሱዛና ግራሺያ ሀፕ ከእናት ከአባቷ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሽጉጥ አላት። የዚያን ጊዜው ሕግ ይዞ መዞርን ስለሚከለክል መኪናዋ ውስጥ ትታው ነው የገባችው። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ የለም። እናቷም አባቷም እዚያው ቀሩ። ይህች ሴት ለ1995ቱ ሕግ ተሟገተች፣ ኋላም የቴክሳስ ምክር ቤት አባል ሆነች። እስቲ ለእሷ "እብድ ነሽ" የሚል ማን ነው? እኔ አልልም።

በ2007 ኤፕሪል 16 ቀን ደግሞ በቨርጂኒያ ቴክ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን ገደለ። ዩኒቨርሲቲው መሣሪያ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ደንቡን ያከበሩት ሟቾቹ ናቸው፤ ገዳዩ አላከበረውም። በዚያው ዓመት ነው ተማሪዎች ተደራጅተው "ውጭ ፈቃድ ያለኝ ሰው፣ ካምፓስ በር ላይ ስደርስ ለምንድን ነው እንደ ወንጀለኛ የምታየው?" ማለት የጀመሩት። አንድ ምሳሌም አላቸው። በ2002 ጃንዋሪ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ በአፓላቺያን የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ሦስት ሰው ከገደለ በኋላ፣ ሁለት ተማሪዎች ከመኪናቸው ሽጉጥ አምጥተው ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆነው ተቆጣጥረውታል። የሁለቱም የኋላ ሥራ ከሕግ ማስከበር ጋር የተያያዘ ነበር።

ክርክሩ ይህ ነው፤ ባዶ ክርክር አይደለም። ፖሊስ ይመጣል፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። በመካከል ያሉትን ደቂቃዎች ማን ይሙላቸው? ሌሊት ብቻዋን ወደ ማደሪያዋ የምትሄድ ልጅ ይህን ብትጠይቅ መልስ ይገባታል።

እኔን የቸገረኝ ክርክሩ ሳይሆን፣ ከክርክሩ ወደ ሽጉጡ ያለው መንገድ ነው።

የቴክሳሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለበት ኦገስት 1 ቀን 2016፣ በዚያው በኦስቲን ዩኒቨርሲቲ የደረሰው እልቂት 50ኛ ዓመቱን የደፈነበት ዕለት ነው። በ1966 በዚያች ቀን ቻርልስ ዊትማን የተባለ የቀድሞ ወታደርና የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከግንቡ 28ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሰው ለቀመ። ያኔ ተማሪውም የከተማው ሰውም እየሮጠ የአደን ጠመንጃውን አምጥቶ ወደ ላይ ተኮሰ። ደጋፊዎች ይህን ያነሳሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ገዳዩ አንገቱን እንደ ልቡ እንዳያወጣ አድርገውታል። ተቃዋሚዎችም ይህንኑ ያነሳሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው፤ ወደ ላይ የወጡት ፖሊሶች ከታች የሚመጣውን የወዳጅ ጥይትም መሸሽ ነበረባቸው። መጨረሻ ላይ ገዳዩን የጣሉት ራሚሮ ማርቲኔዝና ሂዩስተን መኮይ የተባሉ ሁለት ፖሊሶች ናቸው። አለን ክረም የሚባል የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛም አብሯቸው ወጥቷል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያ ሁሉ ሰው የያዘው በግልጽ የሚታይ ረጅም ጠመንጃ ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ሽጉጥ 28ኛ ፎቅ አይደርስም።

ዛሬም ያው ነው። በ2025 ሴፕቴምበር ወር ቻርሊ ከርክ የተባለው የፖለቲካ ተናጋሪ በዩታ ቫሊ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሕዝብ ፊት ጥያቄ እየመለሰ ሳለ፣ ከሕንፃ ጣሪያ በተተኮሰ አንድ ጥይት ተገደለ። ዩታ ማለት ለዚህ ሕግ ፈር የቀደደችው ግዛት ናት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ባለፈቃድ ቢኖርስ? ከጣሪያ የመጣን ጥይት ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ አይመልሰውም።

በ2015 ደግሞ በኦሪገን በአምፕኳ ኮሌጅ 9 ሰው ሲገደል፣ ግቢው ውስጥ ሽጉጥ የያዘ አንድ የቀድሞ ወታደር ተማሪ ነበር። ወጥቶ አልተፋለመም። ፈሪ ሆኖ አይደለም። ልዩ ኃይሉ ሲደርስ እኔን ከገዳዩ በምን ይለየኛል ብሎ እንደሆነ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ይህን የሚለው ወታደር የነበረ ሰው ነው። የአራት ሰዓት ትምህርት የወሰደው የሃያ አንድ ዓመት ልጅስ? በ2014 በሲያትል ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ገዳዩን ያስቆመው ደግሞ ሽጉጥ አልነበረም። አንድ ተማሪ፣ ሰውዬው ጥይት ሲያጎርስ ጠብቆ ዓይኑ ላይ የሚያቃጥለውን ርጭት ነፋበትና ያዘው። አንድ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሊሞት የነበረ ተረፈ።

ከዚህ ላይ የጓደኛዬን ልጅ መልክ ጨምሩበት። ጥቁር ነው። አማርኛ ቢችል፣ አባቱ ቢያከብረው፣ በትምህርቱ ቢጎብዝ፣ ተጣድፎ በሚደርስ ፖሊስ ዓይን "ሽጉጥ የያዘ ጥቁር ወጣት" ነው። በ2016 ጁላይ በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛን ፖሊስ መኪናውን አስቆመው። ፈቃድ አለው። መሣሪያ መያዙን በጨዋ ደንብ ለፖሊሱ ነገረው። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ፖሊሱ በ2017 ነፃ ወጣ። እንግዲህ ፈቃዱ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው እስኪያነበው ድረስ መቆየት አለበት።

ነገር ግን ለአንድ ወገን ብቻ እየፈረድኩ እንዳይመስል፣ ተቃዋሚዎቹም አጋነዋል። ሕጉ ሲወጣ የተባለው ብዙ ነበር። ነጥብ ያነሰው ተማሪ መምህሩን ይደፋዋል፣ በክርክር የተሸነፈው ሽጉጥ ይመዛል፣ ኮሪደሩ በደም ይታጠባል ነበር የተባለው። ከዚያ ወዲህ አስር ዓመት ገደማ ሆነ፤ የተፈራው የባለፈቃዶች ክፍል ውስጥ ተኩስ አልመጣም። አልመጣም መባል አለበት። ትናንሽ ነገሮች ግን ደርሰዋል። አይዳሆ ሕጉን ባወጣችበት በ2014፣ ሴፕቴምበር ላይ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ክፍል ውስጥ ኪሱ ያለው ሽጉጥ ባርቆበት የገዛ እግሩን መታ። በ2016 ቴክሳስ ውስጥ በታርልተን ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ሽጉጥ ባርቆ ነበር፤ ደግነቱ ማንንም አልነካም። እንግዲህ ባለፈቃድ መሆንና ጠንቃቃ መሆን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

የእኔ ፍርሃት ከሚጮኸው ሽጉጥ ይልቅ ስለማይጮኸው ነው። በሁለት መንገድ።

አንደኛው ስሙን መጥራት የምንፈራው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2023 ከ46 ሺሕ በላይ ሰው በጥይት ሞቷል። ከእነዚያ ከግማሽ በላይ የሆኑት ማንም አልገደላቸውም፤ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ከቤቱ ርቆ፣ ፈተና ወድቆ፣ ፍቅረኛው ትታው፣ ለእናቱ "ደህና ነኝ" እያለ የሚያድርባቸውን ሌሊቶች እናውቃለን፤ እኛም አድረንባቸዋል። እኛን ያተረፈን ጥበባችን አይደለም። ሌሊቱ ሲነጋ እጃችን ባዶ ስለነበረ ነው። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይመጣና ይሄዳል፤ ሽጉጥ አጠገቡ ካለ ግን እስኪሄድ ጊዜ አይሰጥም። ከውጭ የሚመጣውን ገዳይ ብለው የገዙት ብረት ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ማንን እንደሚጠብቅ አይታወቅም።

ሁለተኛው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነው፤ አለመታየቱ። በ2016 መጀመሪያ በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑ ጉባኤ መሪ ለባልደረቦቹ ገለጻ አቀረበ። ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ስሜት የሚነኩ ጉዳዮችን ስታነሱ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ርዕሶችን ከትምህርቱ ብታወጡ ይሻላል። ተማሪ ሲቆጣ ካያችሁ አትግፉበት። ቢሮ የምታነጋግሩትም በቀጠሮ ይሁን። ልብ በሉ፣ ገና ሕጉ ሥራ ላይ አልዋለም፤ አንድም ሽጉጥ ክፍል አልገባም። ትምህርቱ ግን ከወዲሁ አጠረ።

በኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ስቲቨን ዋይንበርግ "ክፍሌ ውስጥ አላስገባም" አሉ። የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቱ ዲን ፍሬድሪክ ስታይነር ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄዱ፤ ይህ ሕግ አንዱ ምክንያታቸው እንደሆነ ተናገሩ። ሕጉን በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሥርዓት የበላይ ኃላፊ ዊልያም ማክሬቨን ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ጡረታ የወጡ አድሚራል ናቸው፤ ቢን ላደን የተገደለበትን ዘመቻ የመሩ። ጠመንጃ ፈሩ የሚላቸው ያለ አይመስለኝም።

ሦስት ሴት መምህራን ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዱ። "ክፍል ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ እያሰብን በነፃነት ማስተማር አንችልም" አሉ። በ2018 የይግባኙ ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን ዘጋው። ፍርሃቱ ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል ብላችሁ ከምታስቡት የመነጨ ነው፣ አፋችሁን የዘጋችሁት ራሳችሁ ናችሁ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በሕግ ሚዛን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ግን ፍርሃት ሁልጊዜም እንደዚያ አይደለም እንዴ የሚሠራው? ማንም አፍህን ዝጋ ሳይልህ ትዘጋዋለህ። ዩኒቨርሲቲው ባወጣው ደንብ መምህር ብቻውን የሚጠቀምበት ቢሮው ውስጥ ሽጉጥ እንዳይገባ መከልከል ይችል ነበር፤ ግን ለሚመጣው ሰው በአፉ መንገር አለበት። እስቲ አስቡት፣ ተማሪው የወደቀበትን ፈተና ይዞ ሊከራከር መጥቷል፤ መምህሩ በሩ ላይ "ሽጉጥ ይዘህ ከሆነ አትግባ" ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ፈተናው ምን ዓይነት ጨዋታ ይመጣል?

ይህን ነገር አሜሪካኖቹ ከእኛ በፊት፣ ከራሳቸውም ዘመን በፊት ያውቁት ነበር። በ1824 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ሲል የበላይ ቦርዱ ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ምንም ዓይነት መሣሪያ እንዳይዙ ወሰነ። ከቦርዱ አባላት መካከል ቶማስ ጄፈርሰንና ጄምስ ማዲሰን ነበሩበት። ማዲሰን ማለት ዛሬ ሁሉም የሚጠቅሰውን መሣሪያ የመያዝ መብት ያረቀቀው ሰው ነው! መብቱን የጻፈችው እጅ የትምህርት ቤቱን በርም ዘግታለች። በ1840 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆን ዴቪስ የሚባል የሕግ መምህር ሁከት ለማብረድ ወጥቶ፣ ፊቱን በሸፈነ ተማሪ በሽጉጥ ተመትቶ ሞተ። ደንቡ ቢኖርም ማለት ነው። ደንብ ሁሉን አያስቀርም፤ ግን ቦታው ምን እንደሆነ ይናገራል።

የእኛንስ? እኛ ጠመንጃ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አያቴ ምንሽር ነበረው። ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው፤ አያቴ ሴቷ "ቀጥሎ" የሚለውን ትጠራጠረው ነበር። በሠርግ ይተኩሳል፣ በለቅሶ ይተኩሳል፣ ወንዝ ሲወርድ ያነግተዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ግን ለሰው አስይዞ ይገባል። ሽምግልና ሲቀመጥም ጠመንጃው ራቅ ካለ ዛፍ ላይ ይደገፋል። ልጅ ሆኜ "አያዬ፣ ቢሰረቅብህስ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ብረት ባለበት እውነት አይወጣም" አለኝ። "ሰውዬው የሚናገረው ዓይኑን ብረቱ ላይ ጥሎ ነው።"

ያ ሰው ፊደል አልቆጠረም። ግን የቴክሳስ መምህራን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ለማስረዳት የለፉበትን ነገር በሁለት መስመር ጨረሰው። ጠመንጃውን አልጠላም። የሚቀርበትን ቦታ ያውቃል።

ሌላም አለ፤ ይህኛውን ጓደኛዬ ከእኔ እኩል ያውቀዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1993 ሚያዝያ ወር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አንስተው ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ "የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን" የሚል ነው። ሌላው ስለ ነፃነት፣ ስለ ተማሪው ማኅበርና መጽሔት ነበር። ነገሩ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከሠላሳ በላይ ሰው ሞቶበታል። ያኔ እኛ የዛሬውን የእሱን ልጅ ዕድሜ ነበርን። በሃያ አንድ ዓመታችን የጠየቅነው ሽጉጥ ይግባልን ብለን አይደለም፤ ይውጣልን ብለን ነው። ያኛው የመንግሥት ጠመንጃ ነው፣ ይሄኛው የተማሪ ሽጉጥ ነው፣ ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እቀበላለሁ። የሚያገናኛቸው ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው። ሁለቱም ጋ ተናጋሪው ከመናገሩ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ይመዝናል።

በአማርኛችን እርሳስ ሁለት ነው። አንዱ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ አንዱ ጥይት ይሆናል። የሚጽፈው ስህተቱ በላጲስ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ማለት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ ተሳስተው፣ ተቆጥተው፣ ሞኝ ነገር ተናግረው፣ በነጋታው በላጲስ አጥፍተው የሚመለሱበት ቦታ ነው። ሁለተኛው እርሳስ ላጲስ የለውም።

እና ለጓደኛዬ ደወልኩለት፤ እኔም በተራዬ በእነሱ ሌሊት።

"አትግዛለት" አልኩት። "ሌሊት ብቻውን አይሂድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይሂድ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሌሊት የሚሸኝበት አሠራር ካለ ይጠቀምበት። ያን የሚያቃጥል ርጭት ግዛለት። ለክረምት ቤት ሲመጣ ደግሞ የአንተን ቆልፈህ አስቀምጥ። በየቀኑ ደውልለት፤ 'ደህና ነኝ' ሲልህ ቶሎ አትመን።"

ዝም አለ። ከዚያ፣ "ይህን ሁሉ ብዬው ነበር" አለኝ። "ምን አለኝ መሰለህ? 'ታዲያ አንተ ለምን ትይዛለህ?' አለኝ። መልስ አጣሁ።"

እኔም ወዲያው አላገኘሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የመጣልኝ። አንተ በዚያ ሌሊት መስኮት ፊት ቆመህ የምትጠብቀው የማታውቀውን ሰው ነው። ልጅህ ክፍል ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ቢቀመጥ የሚጠብቀው ማንን ነው? ጎኑ የተቀመጠችውን ልጅ፣ ከኋላው ያለውን፣ ሰሌዳው ፊት የቆመውን መምህር። ነዳጅ ማደያው በሩን የከፈተው ለመንገደኛ ነው። ክፍሉ ግን ተማሪዎቹ እርስ በርስ ካልተማመኑ ክፍል መሆኑ ይቀራል።

ይህንን በጽሑፍ ላክሁለት። ለልጁ እንዳነበበለት ነገረኝ። ልጁ ምን እንዳለ ስጠይቀው፣ "ምንም አላለም፤ ግን ስልኩን አልዘጋውም" አለኝ። ልደቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ቸር ይግጠመን።